የኦልሆቭካ ላሞች አልታመሙም ነበር

ጌጤነሽ ስለ ኦልሆቭካ ስታወራ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። በሶቭየት ኅብረት የተማሩ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ አዳራሽ ይዘው ይሰበሰባሉ። የቀይ ሥር ሰላጣ ይበላል፤ የተማሪ ቤት ዘፈን ይዘፈናል፤ ፀጉሩ የሸበተው ሁሉ ያን ዕለት የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ሞቅ ሲል አንዱ ይነሣና «ጌጤ፣ በይ እስቲ መንደርሽን አምጪልን» ይላል። እሷም ነጠላዋን እንደ ሩስያ ባልቴት ከአገጯ ሥር ቋጥራ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ጭና ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ የምትናገረው ጌጤነሽ አይደለችም፤ የኦልሆቭካ ላም አላቢዎች አለቃ፣ አና ቲሞፌዬቭና ናቸው።

«መጀመሪያ ያዩኝ ዕለት» ትላለች፣ «ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ጉንጬን ፈተግ አደረጉኝ። ጣታቸውን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ቀለሙ አይለቅም፤ ደህና ዕቃ ነው። ግቢ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።›»

አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ አሳቀቻቸው። የመንደሪቱ ነገር በምን እንዳለቀ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እሷም አልተናገረችም።

በሥራዋ ጌጤነሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርስ ኤይድ ናት። በትምህርቷ ግን የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ያውም በቀይ ዲፕሎማ፣ በማዕረግ የተመረቀች። ያ ዲፕሎማ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሠፈር ባለው አፓርትማዋ ሳሎን ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። በፈረንጆች 1997 በዲቪ ስትመጣ ይዛው መጣች፤ አሜሪካ አየው፣ ምንም አላለም፣ ሽማግሌ ማገላበጥና አሮጊት ማጠብ ሰጣት። እሷም አላኮረፈች። አንዳንዴ ከባዱን ሰው ከአልጋ ስታነሣ በአማርኛ፣ «ላም ብትሆን ኖሮ ይሄኔ የት እንደሚያምህ አውቄልህ ነበር» ትለዋለች። ሰውየው ምን እንዳለችው ባያውቅም ፈገግ ይላል።

በ2012 መጋቢት ላይ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልጇ ሄለን ላፕቶፗን ይዛ ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ሩስያውያን የዱሮ ጓደኞቻቸውን የሚፈላለጉበት አንድ ድረ ገጽ ላይ በስሟ ገጽ ከፍታላት ነበር። ጌጤነሽ የመንደሪቱን ስም በሩስያ ፊደል በአንድ ጣቷ ለቅማ ጻፈች። ገጹ ተከፈተ። በበረዶ ሜዳ ላይ ረጃጅም የጡብ ነገሮች ተተክለው የሚያሳይ ፎቶ ወጣ፤ ከጎናቸው ቤትም፣ አጥርም፣ ሰውም የለም።

ሄለን አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «ማሚ፣ ሴሜተሪ ነው እንዴ?» አለች።

መቃብር አልነበረም። የኦልሆቭካ ቤቶች የእንጨት ናቸው፤ መሐላቸው ላይ አናቱ የሚተኛበት ትልቅ የጡብ ምድጃ ከነጭስ መውጫው ይሠራል። ሰው ሲሄድ እንጨቱን ሌላው እየፈታ ለማገዶ ወሰደው፤ ምድጃው ቀረ። ጌጤነሽ ለልጇ ይህን አስረዳች። በልቧ ግን ከቀኝ ወደ ግራ እየቆጠረች ነበር፤ ይሄ የማርፋ ምድጃ፣ ይሄ የባንዳው ኩዝማ፣ ይሄ... አራተኛው ላይ ስትደርስ መቁጠሯን ተወች። አራተኛው እሷ የተኛችበት ነው።

የገጹ ስም «ኦልሆቭካ ነበረች» ይላል። የምትጽፈው ዚና ናት፣ የአና ቲሞፌዬቭና አንድ ልጅ። ጌጤነሽ እዚያ በነበረችበት ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆና ወረዳው ከተማ መምህርነት ትማር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥታ የመንደሯን ታሪክ በምዕራፍ በምዕራፍ ታወጣለች። እንደ አስተማሪ ነው የምትጽፈው፤ ዓመቱን ሳትጠቅስ አንድ ነገር አትልም። ጌጤነሽ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ካለችበት ሳትነሣ አነበበችው።

መንደሪቱን ያቀኑት ከባለርስት የሸሹ ሰባት ገባሮች ናቸው። ጅረት አይተው ተቀመጡ፤ ሁለት መቶ ዓመት ቆዩ። በ1930 ከብቶቻቸው ወደ ኅብረት እርሻ ተነዱ፤ እምቢ ያሉ አራት ቤተሰቦች ከነሕፃናታቸው በጋሪ ተጭነው ወደ ሰሜን ሄዱ፣ ወሬያቸውም አልተሰማ። በጦርነቱ ስድሳ አንድ ወንዶች ዘመቱ፤ አሥራ አራት ተመለሱ። ጠላት በወጣ በበልጉ የሚያርስ ፈረስ አልነበረም፤ ትራክተር አልነበረም። ሴቶቹ ላሞቻቸውን ጠመዱ። ጌጤነሽ ይህን ከአና አፍ ሰምታው አላመነችም ነበር፤ እሷ ባደገችበት አገር የሚጠመደው በሬ ነው፤ ወተት የምትሰጥ ላም አንገት ላይ ቀንበር የሚጭን ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አና ያን ጊዜ አልተቆጡም። «ላሟ ስትወድቅ እናቴ ቀንበሩ ውስጥ ገባች» አሉ።

በ1948 ደግሞ ሃያ ሦስት ሴቶች በገዛ እጃቸው በረት ሠሩ። ጡቡን መድፍ ካፈረሰው ቤተ ክርስቲያናቸው ለቅመው በጀርባቸው አመላለሱ። ከሃያ ሦስቱ ታናሿ አና ነበሩ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ። የዚያ በረት ነገር ያስደንቃል። ወተት ስላለ በየጠዋቱ መኪና ይመጣል፤ መኪና ስለሚመጣ መንገዱ ከበረዶ ይጠረጋል፤ መንገድ ስላለ አስተማሪዋ ትመጣለች፤ ትምህርት ቤት ስላለ አዲስ ሙሽሮች አይሰደዱም። የአንድ መቶ አሥር አባወራ ሕይወት በስድሳ አራት ላሞች ጡት ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ጌጤነሽ አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ደረሰች።

«በ1983 መኸር» ይላል፣ «በላሞቻችን ላይ ብሩሴሎሲስ ተገኘ፤ ከብት የሚያስወርድ፣ በወተት ወደ ሰው የሚዛመት በሽታ ነው። ያመጣችው እናቴ ናት። በዚያ ዓመት ከእኅቷ መንደር አንዲት ጊደር ያለ ሐኪም ወረቀት አስገብታ ነበር። በረቱ የተዘጋው በዚህ ነው። በሦስት ዓመቱ ትምህርት ቤቱ ተከተለ፤ በስምንት ዓመቱ ሱቁ። በ1998 የመብራቱን ሽቦ ሌቦች ጠቅልለው ወሰዱት፣ የመለሰውም የለም። ዛሬ የቀሩት ሁለት ቤትና ሦስት ሰዎች ናቸው። እኔ አስተማሪ ነኝ። የእናቴን ጥፋት ከደበቅኩ የማንንም ጥፋት ለመጻፍ አፍ የለኝም።»

ከሥሩ ማስታወቂያ ነበር። የመንደሪቱ ልጆች ከያሉበት ተሰብስበው፣ ሩስያውያን ፍልሰታን በሚያከብሩበት በነሐሴ መጨረሻ፣ በረቱ በነበረበት ቦታ ላይ ድንጋይ ሊያቆሙ ነው። የሠሩት ሴቶች ስም ይቀረጽበታል። ሃያ ሁለት ስም። «ሃያ ሦስተኛውን ለመተው ድምፅ ሰጥተናል» ይላል፣ «እኔም እጄን አውጥቻለሁ።»

ጌጤነሽ ላፕቶፑን ድርግም አድርጋ ዘጋችው፤ ሄለን ጣቷን ለጥቂት አተረፈች።

«ውሸት ነው» አለች እናትየው።

«ዋት ኢዝ?»

«ላሞቹ አልታመሙም ነበር።»

«ሃው ዱ ዩ ኖው፣ ማሚ?»

«የመረመርኳቸው እኔ ነኛ።»

እንዲህ ነው የሆነው። በ1983 ጌጤነሽ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆና ለአራት ወር ልምምድ ኦልሆቭካ ተመደበች። አና ቤት ታድራለች፤ ሌሊት ምድጃው ላይ ትተኛለች፣ ጠዋት ከአና ጋር በረት ትወርዳለች። አና ስሟን አሳጥረው «ጌቲችካ» ይሏታል። የስድሳ አራቱንም ላሞች ደም ቀዳች። ምርመራው ቀላል ነው፤ ነጭ ሳህን ላይ ከላሟ ደም የተጣራ አንድ ጠብታ፣ ከጎኑ ሮዝ ቀለም ያለው የመመርመሪያ ጠብታ ይደረግና ይቀላቀላል። ላሟ የታመመች እንደሆነ ድብልቁ እንደሚረጋ ወተት ይቋጠራል፤ ጤነኛ ከሆነች እንደ ጠራ ይቀራል። ስድሳ አራት ጊዜ ጠራ። እያንዳንዱን በልምምድ ደብተሯ ላይ በላሞቹ ስም ጻፈችው፤ ዞርካ ጤነኛ፣ ማልቪና ጤነኛ፣ ኖችካ ጤነኛ።

የእርሻው ሊቀመንበር ዱብኮቭ ግን ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። አሥራ አንድ ላሞች ታመዋል ይላል። ዱብኮቭ በማዕከሉ ስምንት መቶ ላም የሚይዝ ትልቅ በረት እያሠራ ነበር፤ የኦልሆቭካን ሴቶች ሦስት ጊዜ «ኑ፣ ወደ ማዕከሉ ግቡ» ብሏቸው ሦስት ጊዜ አባረውታል። በወረዳው ካርታ ላይ መንደሪቱ «ተስፋ የሌላት» ተብላ ተመዝግባለች፤ ቃሉ በማኅተም ያለ ነው። ሰው በውዴታ አልነሣ ሲል ላሞቹን ማስነሣት ነው የቀረው። የወረዳው ሽማግሌ ሐኪም አልፈርምም አለ፤ ሚስቱ የኦልሆቭካ ልጅ ናት። ደረቴን አመመኝ ብሎ ሆስፒታል ገብቶ ተኛ። ያኔ ነው ዱብኮቭ ከውጭ አገር የመጣችው ተለማማጅ ትዝ ያለችው። ዘመድ የላት፣ አማች የላት፣ መቃብር የላት። እንዲህ ያለ ፊርማ ከየት ይገኛል?

ሁለት ቀን እምቢ አለች። በሦስተኛው ቀን እንግዳወርቅ በባቡር መጣ። እንግዳወርቅ የግብርና ተማሪና የኢትዮጵያውያኑ ተማሪዎች ኃላፊ ነበር። ሁለት ነገር ነገራት። አንደኛ፣ እምቢተኝነቷ ወደ አዲስ አበባ ይጻፋል፤ በዚያ ዘመን ከሶሻሊስት ወዳጅ አገር ተባሮ መመለስ ምን እንደሚያስከትል መቼም አይጠፋትም። ሁለተኛ፣ ለቀይ ዲፕሎማ የቀራት የልምምዱ ውጤት ብቻ ነው፣ ውጤቱን የሚሞላው ደግሞ ዱብኮቭ ነው።

የመጀመሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈርቼ ነው ብላ ዕድሜዋን ሁሉ ትጽናና ነበር። ፈርታም ነበር። ነገር ግን እስክሪብቶውን ስታነሣ ያሰበችው አዲስ አበባን አልነበረም፤ የዲፕሎማውን ቀለም ነበር።

ፈረመች። በሦስተኛው ቀን የጭነት መኪኖች መጡ። የበረቱን ላሞች ጫኑ፤ ለጥንቃቄ ነው ብለው የየቤቱንም ላም ጫኑ። ሴቶቹ ከመኪኖቹ ኋላ እስከ ጅረቱ ድረስ ሮጡ። ሲመለሱ የሚወቅሱት ሰው ፈለጉ፣ የአና ጊደር ትዝ አለቻቸው። በማግሥቱ የአና በር በሬንጅ ተለቅልቆ አደረ፤ በዚያ አገር ይህ የተዋረደ ሰው ምልክት ነው። ጌጤነሽ ከአና ጋር ሆና ሬንጁን በቢላዋ ፋቀች። በቢላዋ ፋቀች እንጂ አፏን አልከፈተችም።

ስትሸኝ አና የሱፍ ካልሲ ሰጧት። «ጌቲችካ፣ በኔ ጥፋት የታመመ ደም ስትነኪ ከረምሽ» አሏት፣ «ከተማ ስትገቢ መጀመሪያ ራስሽን ተመርመሪ፤ ልጅ የምትወልጂ ሴት ነሽ።»

በ2003 ይህን ለንስሐ አባቷ ተናግራለች። በሐሰት ፈርሜ ከብት አስጨረስኩ አለች። እሳቸውም አርባ ቀን፣ በቀን አርባ አንድ ስግደት አዘዟት። ሰገደች። ጉልበቷ አበጠ፣ ልቧ ቀለለ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው አዳራሹ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዋን አገጯ ሥር ቋጥራ ሰው ያሳቀችው። አሁን ያ ቅለት አንገበገባት። አባ አልበደሉም፤ የነገረቻቸው ስለ ላሞቹ ነበር። ስለ አና አንድ ቃል አላነሣችም።

የዚናን ምዕራፍ ባነበበች በማግሥቱ ለእንግዳወርቅ ኮል አደረገችለት። እሱ አሁን እዚያው አሌክሳንድሪያ ቤት ያሻሽጣል፣ የተማሪዎቹም ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ላንድማርክ ሞል ውስጥ ተገናኙ፤ ከሱቆቹ ግማሹ ተዘግቷል፣ የውኃ ፏፏቴው ደርቋል፣ አንድ የእንቅልፍ ልብስ መሸጫ በር ላይ «ሁሉም መሄድ አለበት» የሚል ጽሑፍ ተንጠልጥሏል። የዚናን ጽሑፍ አትማ አመጣችለት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፣ አጠፈው፣ መለሰላት።

«እና ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

«ልጽፍላት ነው።»

«ጌጤ፣ ተይ። አሮጊቷ ከሞቱ ሃያ ዓመት አለፋቸው። መንደሩ የለም። ለማን ነው የምትጽፊው፣ ለጭስ ማውጫው?»

«ለልጃቸው።»

«ልጅቷ እኮ ተቀብላዋለች፤ ቆስሎ የዳነ ነገር ነው። አንቺ አሁን የምትነካኪው ለራስሽ ብለሽ ነው፤ ለመገላገል።»

ይህ አባባሉ እውነት ሳይኖርበት አልቀረም፤ ስለዚህም የበለጠ አናደዳት። «ለመገላገልማ ሰግጄ ተገላግዬ ነበር» አለችው። «ዘጠኝ ዓመት ቀለድኩባቸው እኮ። አንተ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ እንባህ እስኪወርድ ስትስቅ፣ ያ ባቡር ትዝ ብሎህ አያውቅም?»

እንግዳወርቅ ወደ ደረቀው ፏፏቴ ዞረ። ዘመኑ ነው አላት። ያልፈረመ ማን አለ አላት። እሱ ራሱ አገር ቤት ከገባ በኋላ ከዚያ የባሰ ወረቀት እንደፈረመ፣ ስንት ጎጆ በአንድ ቀን ከኮረብታ ወደ ሜዳ እንዳስወረደ፣ የእነዱብኮቭንም «ተስፋ የሌላት» የሚል ቃል በአማርኛ ተርጉሞ እንደተጠቀመበት ነገራት። ይህን ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። ጌጤነሽ አፏን ከፍታ አየችው፤ ሠላሳ ዓመት የምታውቀው ሰው ነው።

«እሺ፣ መጻፍሽ ካልቀረ» አለ በመጨረሻ፣ «ስሜን አታንሺ።»

«ባቡሩን አነሣዋለሁ፣ ጓድ እንግዳወርቅ። ማን እንደተሳፈረበት አንተ ጻፈው።»

ደብዳቤው አንድ ወር ፈጀ። ሩስያኛዋ ዝጎ ነበር፤ የሰዋስው ስሕተቷን ዚና እንዳትስቅበት ሳይሆን፣ ስሕተቱን አይታ እንዳታዝንላት ፈራች። የልምምድ ደብተሩን ከአልጋ ሥር ካለ ሻንጣ አወጣችው። ሄለን ገጾቹን አንድ በአንድ በስልኳ ፎቶ አነሣች። ሩስያኛ ስለማታነብ እናቷ ዝርዝሩን ስታነብላት ጠየቀች፤ «ዌይት፣ ኤቭሪ ካው ስም ነበራት?»

«ሁሏም።»

«ኤንድ ዩ ሳይንድ ኢት ኤኒዌይ?»

ጌጤነሽ ቀጣዩን ገጽ ገለጠችላት። ሄለንም ሁለተኛ አልጠየቀችም፣ ግን ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹን ያነሣችው ፊቷን አጥቁራ ነው።

ደብዳቤው ውስጥ «ይቅር በይኝ» የሚል ነበር፤ ጌጤነሽ ሰረዘችው። ይቅርታ የሚለምን ሰው አንድ ነገር ስጡኝ እያለ ነው፤ ከዚች ሴት ምን ትቀበላለች? የሆነውን ብቻ ጻፈች፤ ቀኑን፣ ስድሳ አራቱን ጠብታ፣ የዱብኮቭን ወረቀት፣ ባቡሩን፣ ቀዩን ዲፕሎማ። ስለ ቀዩ ዲፕሎማ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አጥፍታ አራተኛ ጊዜ ጻፈችው። ከሥሩ ስልክ ቁጥሯን አኖረች። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከሥራ በፊት ላከችው።

መልስ አልመጣም። አንድ ሳምንት፤ ሁለት ሳምንት። ገጹ ላይም አዲስ ምዕራፍ አልወጣም።

ግንቦት ገባና አዳራሹ ተሞላ። ሰላጣው ተበላ፣ ተዘፈነ። በፈቃዱ የሚባል የጂኦሎጂ ምሩቅ ተነሥቶ እንደ ልማዱ «ጌጤ፣ በይ እስቲ መንደርሽን» አለ፤ ተጨበጨበ። እንግዳወርቅ ከመድረኩ ሆኖ ዓይኗን ፈለገ። ጌጤነሽ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እንዳለ ትታ ቆመች። ስለ አና ጣትና ስለ ጉንጯ ተናገረች፤ ሳቁ። አልተቀመጠችም። ስለ ስድሳ አራቱ ጠብታ፣ ስለ ፊርማው፣ ስለ ሬንጁ ነገረቻቸው። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየከሰመ ሄደ። «በዚያ ፊርማ ነው ያ ቀይ ወረቀት ሳሎኔ የተሰቀለው» ብላ ጨረሰች።

ከዚያ ከኋላ ጠረጴዛ አንድ ሰው፣ «ታዲያ ለላም በሽታ መድኃኒቱ ቮድካ አልነበር?» አለ፤ አዳራሹ ገላግሉኝ እንዳለ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሳቀ። እንግዳወርቅ ለሙዚቃ ከፋቹ እጁን አወዛወዘ። ጌጤነሽ የቀለደውን ሰው ለማየት ዞረች። ሁሉም ይስቁ ስለነበር ማን እንደሆነ መለየት አልቻለችም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ስልኩ የተደወለው ሰኔ ላይ ነው። ጌጤነሽ ለጠዋቱ ሺፍት ቀደም ብላ ደርሳ፣ መኪናዋን መሥሪያ ቤቷ ፓርኪንግ ሎት አቁማ፣ ጫማዋን እየለወጠች ነበር። ቁጥሩ ረጅም ነው። አነሣችው።

«እኔ ዚና ነኝ» አለ ድምፁ። «ወረዳው መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። የሽማግሌው ሐኪም ሚስትም በሕይወት አለች። ባሏ ሊሞት ሲል ላሞቹ ደህና ነበሩ ብሏታል፤ የሚሰማኝ የለም ብላ ለማንም አልተነፈሰችም። ደብተርሽ እውነት ነው።»

ጌጤነሽ የያዘችውን ጫማ ወለሉ ላይ አኖረች።

ዚና ድንጋዩን ነገረቻት። ጠራቢው ሃያ ሁለቱን ስም ቀርጾ ጨርሷል። ከሥር ቦታ የለም አለ፤ ስለዚህ የእናቷ ስም ከሁሉም በላይ፣ ለብቻው ይቀረጻል። ያኔ እጃቸውን ያወጡት ሁሉ፣ እሷም ጭምር፣ ድጋሚ ተሰብስበው እጃቸውን አውጥተዋል። ይህን ስትናገር ድምፅዋ እንደ አስተማሪ ነበር። ከዚያ በኋላ አስተማሪነቱ ለቀቃት።

«ስድስት ዓመት አላናገርኳትም» አለች። «ሰማሽ? ጊደሯን ለምን አስገባሽ ብዬ፣ ስድስት ዓመት። እሷም አምናው ነበር። ቃል ሳልጽፍ ገንዘብ ብቻ የላኩበትን ፖስታ ሁሉ ‹ለመንደሩ ይቅርታ ንገሪልኝ› ብላ ነው የምትመልስልኝ። ስትሞት ከተማ ነበርኩ፤ አልመጣሁም። አንቺ የበሩን ሬንጅ ስትፍቂ ከጎኗ ነበርሽ። ከጎኗ ቆመሽ፣ አንድ ቃል። አንድ ቃል ብቻ ነበር።»

«አዎ» አለች ጌጤነሽ።

«አዎ አትበዪኝ። የጠራውን ጠብታ በዓይንሽ አይተሽ። ካልሲ እኮ ሠራችልሽ። በደብዳቤዋ ሁሉ ጌቲችካ አሟት ይሆን እያለች ነው የምትጠይቀኝ።»

የሺፍት ኃላፊዋ በመኪናው መስኮት አጠገብ አለፈች፤ ሰዓቷን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አሳየቻት። ጌጤነሽ አየቻትና ፊቷን መለሰች። ዚና ትሳደብ ጀመር። ጌጤነሽ ሠላሳ ዓመት ያልሰማቻቸው የገጠር ስድቦች ነበሩ፤ ስለ አህያ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ባዶ ማድጋ። አንዳንዶቹን ከአና አፍ ነበር የምታውቃቸው፤ ለሰነፍ አላቢ የሚባሉ።

«የገጹን ታሪክ በማሳትምበት መጽሐፍ ውስጥ ስምሽ ይገባል» አለች ዚና። «ከነአባትሽ። ዱብኮቭም ይገባል፤ ሞቷል፣ መሬቱን ሁሉ ልጁ ይዞታል፣ ይክሰሰኝ። በባቡር የመጣው ሰውዬ ስሙ ማን ነው?»

«እሱን እሱ ይንገርሽ ብዬዋለሁ። እስከ መጽሐፉ ካልነገረሽ እኔ እነግርሻለሁ።»

«የአንቺን ግን እጽፈዋለሁ።»

«ጻፊው።»

«አትለማመጪኝም?»

«አልለማመጥሽም።»

ከወዲያኛው ጫፍ የሆነ ዕቃ ሲወረወር ተሰማ፣ ብረት ድስት ነገር። የሥራ ሰዓቷ ካለፈ ሩብ ሰዓት ሆኖታል፤ ስልኩን ግን ከጆሮዋ አላወረደችም።

«አሁን ደክሞኛል» አለች ዚና። «ነገም በዚህ ሰዓት እደውላለሁ። ገና አልጨረስኩም።»

«እሺ።»

«ተነገወዲያም።»

በማግሥቱ ጌጤነሽ ግማሽ ሰዓት ቀድማ መጥታ እዚያው ቦታ መኪናዋን አቆመች። ስልኩ እንደጮኸ አነሣችው።